ሽሮ አትላንታ ሲሄድ

ከሩቅ የሚመጣን እንግዳ ደጅ ወጥቶ መቀበል የአባት ወግ ነው። ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ የፋሲካ ሰሞን ከአትላንታ፣ ከኮሎምበስ፣ ከቻርሎት ዘመድ ስለማይጠፋ፣ እኛም የመኪና ድምፅ ስንሰማ ነጠላችንን እያስተካከልን ብቅ እንላለን። ድሮ መጀመሪያ የሚወርደው ትልቅ ሰው ነበር። አንዱ በር ይከፍታል፣ አንዱ ክንድ ይደግፋል፣ ሌላው ዘንቢል ይቀበላል።

አሁን መጀመሪያ የምትወርደው ድመት ናት።

በሩ ይከፈትና ለሰላምታ በዘረጋሁት እጅ ላይ ሳጥን ይቀመጣል። «ቀስ ጋሼ፣ ቀስ! እንዳትደነግጥ!» ይሉኛል። ለእኔ መስሎኝ «ኧረ አልደነገጥኩም» ብዬ እመልሳለሁ፤ ለካስ ለድመቷ ኖሯል። ከኋላ ወንበር አንድ የደከመ ድምፅ «እኔንስ የሚያወርደኝ ሰው አለ?» ይላል።

ድመቷን አልቀየምም፤ እሷ ምን አደረገች። የሚያበሳጨኝ የሰላምታው ተራ መዛባቱ ነው። እንዴት ከረማችሁ፣ ልጆች ደህና ናቸው ከመባባላችን በፊት «የሚዘጋ ክፍል አላችሁ? መስኮቱስ ወንፊት አለው?» ተብለን እንጠየቃለን። ቡናው ፈልቶ ሁለተኛው እስኪቀዳ ድረስ ወሬው ሁሉ ድመቷ ሰሜን ካሮላይና ላይ ምን እንደተሰማት ነው።

እኔ ባደግሁበት ሰፈር ድመት ረጅም መንገድ የምትሄደው እንድትጠፋ ሲፈለግ ብቻ ነበር። ቋንጣ ከገመድ ስታወርድ አንድ ጊዜ ይቅር ትባላለች፣ ሁለተኛም ትገሠጻለች፤ ለእንግዳ የተቀመጠ ወተት ላይ ስትያዝ ግን ፍርዱ ይጸናል። ማዳበሪያ ይመጣል፣ ትከተታለች፣ አፉ በሲባጎ ይታሰራል፣ የሰፈር ጎረምሳ ተጠርቶ ሳንቲም ይሰጠዋል። «ወንዙን ተሻግረህ ጣላት። መስቀለኛው መንገድ ላይ ስትደርስ ማዳበሪያውን አዙረው፤ የመጣችበት እንዲጠፋት።» ጎረምሳውም ያዞራል። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ሳንቲም ፍለጋ ሲመለስ ድመቷ እሱን ቀድማ ምድጃው አጠገብ ተኝታለች። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ እንዲሉ፣ አንድ ዓይኗ ቋንጣው ላይ ነው።

ሌላው እንስሳ ግን በክብር ይጓዝ ነበር። ለበዓል በግ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ፣ ውስጥ ከታጨቅነው ከእኛ የተሻለ አገር እያየ ይሄዳል። ዶሮም እግሯ ታስሮ ከወንበር ሥር ትጋደማለች። ረዳቱ ለበጉ ሒሳብ ይቀበላል፣ ለዶሮዋ ይከራከራል። ችግሩ ሁለቱም የመልስ ጉዞ የሌላቸው መሆኑ ነው።

ከዚያ አገር የመጣ ሰው ለድመት የባቡር ትኬት ሲቆረጥ ቢያይ ምን ይበል?

የቆረጠችው የገዛ ልጄ ናት። ኒው ዮርክ ትሠራ በነበረበት ጊዜ ብሩክሊን ውስጥ አንድ ብርቱካንማ ድመት አገኘችና በቀለሙ «ሽሮ» አለችው። ወንድ ነው፤ ብርቱካንማ ድመት አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው። በበዓል ወደ እኛ ስትመጣ በባቡር ይዛው ትመጣ ጀመር።

አምትራክ የሚባለው የባቡር ድርጅት ድመትና ትንንሽ ውሻ ያሳፍራል፤ አሳፋፈሩ ግን የጠበቃ ነው። ድመቷና መያዣዋ ተደምረው ከ20 ፓውንድ፣ ማለትም ከ9 ኪሎ ገደማ፣ መብለጥ የለባቸውም። ዕድሜዋ ከ8 ሳምንት፣ መንገዱም ከ7 ሰዓት አንጻር ይታያል፤ የመጀመሪያው እንዳያንስ፣ ሁለተኛው እንዳይበልጥ። ለብቻዋ ይከፈልላታል፣ ግን ወንበር የላትም፤ ከወንበር ሥር ናት። ምግብ ወደሚሸጥበት ፉርጎ ድርሽ ማለት ክልክል ነው። ቋንጣ የሚያወርድ ዘር መሆኑን ሳይሰሙ አይቀሩም።

ከኒው ዮርክ ዋሽንግተን 225 ማይል ገደማ ነው፤ ባቡሩ በ3 ሰዓት ተኩል ያደርሳል። ሽሮ በባቡር ጨዋ ነው። ሐዲድ እንደ አውራ ጎዳና ድንገተኛ ፍሬን አያበዛም፣ መኪና አያስቀድምም፣ ስለዚህም ሆድ አይበጠብጥም። ድመት እንደ ሰው በመንገድ ትታመማለች፤ የውስጥ ጆሮዋ እንቅስቃሴውን ሲናገር ዓይኗ ደግሞ የተዘጋ ሳጥን እያየ ይክዳል፣ በሁለቱ ጠብ ሆዷ ይቀጣል።

አንድ ቀን ፊላደልፊያ ላይ አንድ ሐበሻ ጎልማሳ ልጄ አጠገብ ተቀመጠ። ሰላምታ ተለዋወጡ። ወደ ወንበሩ ሥር አየና፣

«ምንድን ነው የያዝሽው እህቴ?»

«ሽሮ ነው።»

«ጎሽ! ከአገር ቤት ነው የተላከልሽ?»

«አይ፣ እዚሁ ብሩክሊን ነው ያገኘሁት።»

«ብሩክሊን ደግሞ ሽሮ ይገኛል? ምጥን ነው ወይስ ነጭ?»

«ብርቱካንማ ነው።»

«በርበሬው በዝቶበታል ማለት ነው» አለ ሰውየው በሐዘኔታ። ይሄኔ ሽሮ ስለ ራሱ መነሳቱን ሰማ መሰለኝ፣ ከቦርሳው ውስጥ «ሚያው» አለ። ጎልማሳው እስከ ባልቲሞር ድረስ በመስኮት ውጭ ውጭውን ሲያይ እንደነበር ልጄ ነግራኛለች።

ባቡርና ድመት ተዋደው የኖሩበት አገር ጃፓን ነው። ዋካያማ በሚባለው ግዛት ኪሺ የምትባል ትንሽ ጣቢያ አለች። ተሳፋሪ እየጠፋ መስመሩ ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶት የነበረ ነው። ጣቢያው አካባቢ ታማ የምትባል ድመት ትኖር ነበርና የባቡሩ ኩባንያ ሰዎች በ2007 እ.ኤ.አ. ኮፍያ አድርገውላት የጣቢያ ኃላፊ አድርገው ሾሟት፤ ደመወዟም የድመት ምግብ ሆነ። እሷን ለማየት ሰው ከየአገሩ ጎረፈ፣ መስመሩም ነፍስ ዘራ። በ2015 እ.ኤ.አ. ስትሞት በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ቀብሯ ላይ ተገኘ። ልብ በሉ፣ ታማ ተሳፋሪ አልነበረችም። እሷ ተኝታ ነው ባቡሩ የተመላለሰው። የትኛዋም ድመት ሥራ ምረጪ ብትባል የምትመርጠው ይህንኑ ነው።

ልጄ አትላንታ ሥራ አገኘችና ጓዟን ጠቅልላ እኛ ዘንድ አረፈች። ከዋሽንግተን አትላንታ የሚወስደው ክረሰንት የሚባለው ባቡር ሌሊቱን ሲጓዝ አድሮ 14 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የድመት ጣሪያ 7 ሰዓት ነው ብለናል። ሰው አድሮ መሄድ ይችላል፣ ሽሮ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ሕግ ይጥሳል። ስለዚህ በመኪና ሆነ፤ 640 ማይል ያህል፣ ሳይቆሙ ከነዱት 10 ሰዓት። እየቆምን ነው የነዳነው።

በዚያው ሰሞን አማቴ ከጎንደር መጥተው ነበር። «የልጄን ልጅ ቤት ሳላይማ አልመለስም» አሉ። ሹፌሩ እኔ፣ መንገድ መሪ ልጄ ሆነች። የኋላው ወንበር ለአማቴና ለሽሮ ተሰጠ።

ዝግጅቱ የተጀመረው አስቀድሞ ነው። መያዣ ሳጥኑ ተከፍቶ፣ የለመደው ብርድ ልብስ ተነጥፎበት ሳሎን ተቀመጠ፤ ድመት ሳጥን ስታይ ሐኪም ቤት ብቻ ትዝ እንዳይላት የሚደረግ ዘዴ ነው። ሽሮም ገብቶ ይተኛበት ጀመር። ከዚያ የእንስሳት ሐኪሟ ጋባፔንቲን የሚባል መድኃኒት አዘዘችለት። ለሰው የነርቭ ሕመምና ለሚጥል በሽታ የተሠራ ነው፤ ሐኪሞች ግን ለድመት የመንገድ ጭንቀት ማዘዝ ከጀመሩ ቆይተዋል። በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ድመት ስትጓጓዝና ሐኪም ዘንድ ስትቀርብ የሚይዛትን ፍርሃት ለማስታገስ ተብሎ የተሠራ ሌላ ፈሳሽ መድኃኒት አጽድቋል።

አማቴ ይህን ሁሉ ጸጥ ብለው ሰሙ። «ለድመት ጭንቀት?» አሉ መጨረሻ ላይ። «እኔ ከጎንደር አዲስ አበባ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ስሄድ፣ አባይ በረሃን ስወርድ፣ ረዳቱ የሰጠኝ ፌስታል ነው።»

«ከዚያስ እማማ?» አለች ልጄ።

«ከዚያማ ሎሚ ነዋ! ሎሚ አሸትቼ ደረስኩ።»

የጉዞው ዕለት ሽሮ ከንጋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ በባዶ ሆድ የሄደ ድመት ያነሰ ያስመልሰዋል ተብሏል። አማቴ ይህንን ወደዱት። «ጾም ይዞ መንገድ መጀመር ጥሩ ነው» አሉ።

ሻንጣዎቹ በር ላይ ሲደረደሩ ሽሮ ነገሩ ገባው። ሲተኛበት የከረመው ሳጥን ጠላት ሆነ፤ ከሶፋው ሥር ገባ። እኔ በአንድ በኩል ተንበረከክሁ፣ ባለቤቴ በሌላ በኩል፣ ልጄ በባትሪ እያበራች በእንግሊዝኛ ትለምነዋለች። አማቴ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ «ውሮ፣ ውሮ፣ ውሮ» አሉ። ሽሮ ከሶፋው ሥር ወጥቶ፣ በእኛ መካከል አልፎ፣ እግራቸው ሥር ቁጭ አለ። ብሩክሊን ተወልዶ አማርኛውን ከየት እንዳመጣው እንጃ። በነጠላቸው ሸፈን አድርገው ያዙትና ሳጥኑ ውስጥ አስገቡት፤ ነጠላውንም ከላይ ጣል አደረጉበት። ሐኪሟም «ሸፍኑለት፣ ይረጋጋል» ብላ ነበር፣ ነጠላ ባትልም።

አልተረጋጋም። ቤልትዌይ የሚባለው አውራ ጎዳና ውስጥ ገና ሳንገባ ጀመረ። የሽሮ የመኪና ጩኸት እንደ አስለቃሽ ዜማ ነው፤ ያወርዳል፣ ያቆማል፣ ሰው ተጽናና ብሎ ሲያስብ ከፍ አድርጎ ይቀበላል። በአይ-95 ወደ ሪችመንድ ስንወርድ አንዴም ግጥም አልደገመም።

«ማን ሞቶበት ነው?» አሉ አማቴ።

«ቤቱን ለቅቆ ነው እማማ። ድመት ከሰው ይልቅ ቦታ ትለምዳለች ይላሉ» አለች ልጄ።

«ታዲያ ልቀቂዋ። ሳጥን ውስጥ የሚታሰረው ምን በድሎ ነው?»

«አይቻልም። ከተለቀቀ አባዬ እግር ሥር ይገባል። ፍሬን ሥር ቢሸጎጥስ?»

አማቴ የደረታቸውን ቀበቶ ሳብ አድርገው አዩት። «እኔስ ምን በድዬ ነው?» አሉ።

ልጄ ነገሩን ለማለዘብ ሽሮ ቆዳው ሥር ቺፕ እንዳለው፣ ቢጠፋ እንኳ በ15 አሃዝ ቁጥሩ ተፈልጎ ባለቤቱ እንደሚታወቅ አስረዳች። «ታርጋ አለው በይኛ» አሉ። ትንሽ አሰቡና «እኔስ ብጠፋ?» ብለው ጠየቁ። መኪናው ውስጥ መልስ ያዘጋጀ ሰው አልነበረም። ሽሮ ጮኸልን።

ፒተርስበርግ ላይ አይ-85ን ስንይዝ ከኋላ የሎሚ ሽታ መጣ። በመስታወት አየሁ፤ አማቴ ከቦርሳቸው ግማሽ ሎሚ አውጥተው በሳጥኑ ፍርግርግ ላይ ይዘዋል። ድመት የሎሚና የብርቱካን ሽታ እንደማትወድ ልጄ ታውቃለች፤ «እማማ!» ብላ ስትዞር ግን ጩኸቱ ቆሟል። ሽሮ እስከ ሳጥኑ ግድግዳ ድረስ አፈግፍጎ፣ ፊቱን አዙሮ፣ ጀርባውን ሰጥቶናል። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልወጣውም።

«አያችሁ?» አሉ አማቴ። «ሎሚ ነው መድኃኒቱ።»

ጋባፔንቲኑ ሥራ የሚጀምርበት ሰዓት ደርሶ እንደነበር ልጄ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ በዓይኔ ከለከልኳት። አማት ናቸው።

ድመት ይዞ መንገድ የሄደ ሰው አብሮ ምሳ አይበላም። ፀሐይ ላይ የቆመ የተዘጋ መኪና በ10 ደቂቃ ውስጥ 11 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሊጨምር ስለሚችል፣ አንድ ሰው ሞተሩን አስነስቶ፣ ማቀዝቀዣ ከፍቶ ከድመቷ ጋር መቅረት አለበት። እንደ ዘበኛ በፈረቃ ነው የሚበላው። ግሪንስቦሮ አካባቢ ስንቆም አማቴ «እናንተ ሂዱ፤ እኔ የፈረንጅ ምግብ አያምረኝም፤ ዳቦ ቆሎዬ አለኝ» አሉ።

ስንመለስ መስኮቱ ትንሽ ተከፍቶ ነበርና ድምፃቸውን ሰማን። ከሽሮ ጋር እያወሩ ነው። ነጠላውን ከፊቱ ገለጥ አድርገውለታል።

«እኔንም እንዲሁ አድርገውኛል» ይሉታል። «‹ነይ፣ ትናፍቂናለሽ› አሉኝ። እንቢ ይባላል? ቤቴን ለጎረቤት አደራ ሰጥቼ፣ በረዶ አገር አምጥተው አንድ ክፍል ውስጥ አስገቡኝ። ጠዋት ሁሉም ሥራ ይሄዳል፤ በሩን ይዘጉታል። ‹አትውጪ፣ ትጠፊያለሽ› ይሉኛል። ምግቡ ተትረፍርፏል፣ ፍቅሩም አለ፣ ልዋሽ አልችልም። ግን ጠይቀውኝ ነው? አንተንስ ጠይቀውህ ነው?»

እኛ ከመኪናው ጀርባ ቆመን ጠበቅን። በርከት ያለ ጉዳይ ነበራቸው፤ የጎረቤታቸውን ልጅ ሠርግ፣ ውኃ የሚቋረጥበትን ሰዓት፣ ቪዛ ሲጠይቁ መስኮት ላይ የተሰለፉትን ሰልፍ ሁሉ ነገሩት። እኛ ስንጠይቃቸው ግን «ሁሉ ደህና ነው» ብለውን ነበር።

ከቻርሎት በኋላ ማንም አልጮኸም። ሽሮ አልበላም፣ አልጠጣም፣ የተነጠፈለትን አሸዋም አልነካም፤ ብዙ ድመት በመንገድ ቀን ሁሉን ነገር ይዞ ነው የሚውለው። መንገድ ላይ ማደር ስላላስፈለገንም ተመስገን። አንድ ቻርሎት ያለ ወዳጄ ሞቴል አድሮ ጠዋት ድመቱን ቢፈልግ፣ ከአልጋው በታች የተቀደደ ጨርቅ አገኘ፤ ለካስ ድመቱ ፍራሹ ውስጥ ገብቷል። ሲያወጣው ረፍዶ፣ ለአልጋውም ከፍሎ፣ ለድመቱም ከፍሎ ነው የወጣው።

አትላንታ ስንገባ መሽቷል። የልጄ አፓርታማ አንድ መኝታ ቤት ነው። መመሪያው የሚለው፣ አዲስ ቤት የገባ ድመት መጀመሪያ አንድ ክፍል ብቻ ይሰጠው፤ የራሱ ሽታ ያለበት ብርድ ልብስ ይነጠፍለት፣ አሸዋው በአንድ ጥግ፣ ምግቡ በሌላ ጥግ ይቀመጥ፣ አትነካኩት፣ ራሱ እስኪወጣ ጠብቁት ነው። አማቴም የሚተኙት እዚያው ክፍል ስለሆነ፣ ጋቢያቸውን ከሻንጣ አውጥተው አልጋው ላይ አነጠፉ፤ ሽሮ ከአልጋው ሥር ገባ። በሩን ዘጋንላቸው። ሳሎን ተቀምጠን ልጄ መመሪያውን ከስልኳ ድጋሚ አነበበችልኝ። ሁለታችንም ሳንነጋገር ስለ አንድ ሰው እያሰብን ነበር መሰለኝ፣ በማግስቱ ልጄ እረፍት ወስዳ አያቷን ክላርክስተን ሐበሻ ሱቅ ይዛቸው ዋለች።

እኔ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስመለስ አማቴ አብረውኝ አልመጡም። «ሽሮ ገና ከአልጋ ሥር አልወጣም፤ ጥየው ልሂድ?» አሉኝ። ስደውል እየወጣ ነው፣ መስኮት ላይ ይቀመጣል፣ እኔንም ቡና ሳፈላ ያየኛል ይሉኛል። ልጄን ለብቻዋ ስጠይቃት ሽሮ ከወጣ ሰንብቷል አለች።

ለፋሲካ ወደ እኛ የምትመጡ ዘመዶች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። አመጣጣችሁ ለሁለት ሌሊት ከሆነ ድመቷን ቤቷ ተዉአት። ቁልፉን ለምታምኑት ጎረቤት ስጡ፤ ምግብና ውኃ ያስቀምጥላት፣ አሸዋዋን ይጥረግላት፤ ከራሷ ጣሪያ ሥር ከእናንተ የተሻለ በዓል ታሳልፋለች። ጓዛችሁን ጠቅልላችሁ የምትመጡ ከሆነ ግን አምጧት፤ የሚዘጋ ክፍል አለን፣ መስኮቱም ወንፊት አለው። የእንስሳት ሐኪሙን ግን ቀደም ብላችሁ አናግሩ፤ በዓል ሲቃረብ ቀጠሮ አይገኝም።